አምስት ቁጥር የማን ነበር?

በጥር 2007 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ናዝራ ዩሱፍን ያስቸገራት ነገር ሲያዩት ትንሽ ነበር። ከኮምፒውተሯ ስክሪን ቀኝ ታችኛው ጥግ፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ቀይ ሳጥን ብቅ ትላለች። የተጻፈባት በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ቢሉት «ከ192.168.1.5 የመጣ የኔትወርክ ጥቃት ታግዷል» ማለት ነው። ጥቂት ሰከንድ ቆይታ ትጠፋለች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ተመልሳ ትመጣለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ሳጥኗን ዘግቶ ሥራውን ይቀጥል ነበር። ፋየርዎል የሚባለው ጠባቂ ራሱ «አግጃለሁ» ካለ ምን ቀረ? ናዝራ ግን እንዲህ በቀላሉ የምታልፍ ሴት አይደለችም። የታገደው ማን ነው? ሊገባ የፈለገው የት ነው? አንዴ ከተከለከለ ለምን ደጋግሞ ይመጣል? ሦስቱን ጥያቄዎች በአንድ የተማሪ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፈቻቸው።

ይህ ጠባይዋ የቆየ ነው። ናዝራ ሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ተወልዳ ያደገች፣ ያኔ አርባ ሁለት ዓመት የሞላት ሴት ናት። በ1985 ዓ.ም. ሸዋ በር አጠገብ በምትገኝ አንዲት ክፍል የታይፕ ትምህርት ስትጀምር፣ ከፊደሎቹ በፊት መኪናዋን ገልብጣ ሆዷን ነበር ያየችው። አንዱን ቁልፍ ስትነካ የትኛው ብረት እንደሚነሣ ሳታውቅ መጻፍ አልሆንላት አለ። አስተማሪዋ አቶ ዓለሙ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣

«አንቺ ልጅ፣ የመጣሽው ጸሐፊ ልትሆኚ ነው መካኒክ?» አሏት።

«ከተቻለ ሁለቱንም» አለቻቸው።

ጸሐፊ ሆነች። በኋላ የጽሕፈት መኪናዋ በኮምፒውተር ተተካች፤ ናዝራም ከግቢያቸው መግቢያ በስተግራ ባለችው ክፍል ተቀምጣ የሰው ወረቀት መጻፍ ሥራዋ ሆነ። የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የውርስ ክርክር፣ የፍቺ ማመልከቻ ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል። ሰዎች እሷን የሚመርጡት እጇ ፈጣን ስለሆነ ብቻ አይደለም። እሷ ዘንድ የተነገረ ነገር ወደ ሠፈር እንደማይወጣ ያውቃሉ። ስለዚህ «ጥቃት» የሚለው ቃል ስክሪኗ ላይ ሲመላለስ የፈራችው ለኮምፒውተሩ አልነበረም፤ ውስጡ ለተቀመጠው የሰው ገመና ነበር።

በግቢው ውስጥ አራት ቤተሰብ የሚያህል ሰው ይኖራል። እናቷ አዴ ዐይሻ (አዴ በሐረሪ ቋንቋ «እናት» ማለት ነው) በትልቁ ቤት፤ ታናሽ ወንድሟ ዐብዱልቃዲር ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ከጎን፤ ናዝራ እንዳልነው በመግቢያው ግራ። በስተጀርባ ያለችውን ክፍል የተከራየችው ብሌን ናት፤ ከደሴ ተመድባ የመጣች የሃያ ሰባት ዓመት የጂኦግራፊ አስተማሪ። ጠዋት ጠዋት ላፕቶፗን በጀርባዋ አዝላ ወጥታ በባጃጅ ከግንቡ ውጭ አዲሱ ከተማ ወዳለው ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ኢንተርኔቱ የሚገባው በስልክ መስመር ሲሆን፣ መስመሩ ያለው አዴ ዐይሻ ቤት ስለሆነ ሞደሙም እዚያው ስልኩ አጠገብ ተቀምጧል። ከሞደሙ የሚወጣው ዋይፋይ ግን ለግቢው ሁሉ ይዳረሳል።

ቀይዋ ሳጥን መጀመሪያ የታየችው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። እሑድ ጠዋት ናዝራ ምርመራዋን ጀመረች። ከአንድ የቆየ መጽሔት ላይ እንዳነበበችው፣ በአንድ ቤት ኔትወርክ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ኮምፒውተርና ስልክ የራሱ ቁጥር አለው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ለሁሉም አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው የመጨረሻው ነው። ሞደሙ አንድ ቁጥር ነው። ታዲያ አምስት ቁጥር ማን ነው? የመብራት ቆጣሪ እንደሚያነብ ሰው ቤት ለቤት ዞረች። የራሷ ኮምፒውተር ሦስት ቁጥር ሆነ። የወንድሟ ስልክ ስድስት። ብሌን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ ላፕቶፗን ከፈተችላት።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አለች ብሌን።

«ቁጥር እየሰበሰብኩ ነው» አለች ናዝራ፤ ስለ ሳጥኗ አልነገረቻትም። አየች። 192.168.1.5።

ምሳ ሰዓት ላይ ትልቁ ቤት ተሰብስበው ሳለ ናዝራ ነገሩን አወጣችው። ያወጣችው ግኝቷ ስላስደሰታት ነው፤ ከሳጥን ተነሥታ ቁጥር፣ ከቁጥር ተነሥታ ላፕቶፕ ማግኘቷን ለመናገር ቸኩላ ነበር። ዐብዱልቃዲር እጁን ከሳሕኑ አነሣ።

«ቲቸሯ ናት የምታጠቃሽ?»

«ገና አላጣራሁም። ቁጥሩ ብቻ—»

«አምስት ቁጥር የሷ ነው ብለሻል እኮ አሁን።»

«ብያለሁ፤ ግን ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

«ለምን ይሆናል? የሰው ወረቀት ልታነብ ነዋ። ነገ የአንዱ ፍቺ ሸዋ በር ላይ ቢወራ የሚጠየቀው ማን ነው? አንቺ ነሽ፤ ካንቺ ቀጥሎ እኔ።»

«ልጅቷ አሁን ደርሳ የሰው ፍቺ ምን ያደርግላታል?» አሉ አዴ ዐይሻ። «የራሷን ኒካሕ እንኳ ገና አላሰረችም።»

ዐብዱልቃዲር አልሳቀም። ቤቱን እስከ ጁምዓ ትልቀቅ አለ፤ ናዝራ «ቆይ» እያለች ሳለም ተነሥቶ ወጣ። ያን ቀን ማታ ለብሌን ነገራት።

ሰኞ ጠዋት ብሌን በናዝራ በር ላይ ቆመች። ላፕቶፗን አዝላለች፤ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል።

«ሌባ ነሽ ተባልኩ» አለች።

«እንደሱ አላልኩም።»

«ቁጥር ነው የምሰበስብ ብለሽኝ ነው የከፈትኩልሽ። ብትጠይቂኝ እኔ ራሴ እነግርሽ ነበር። ጥቃት ምን እንደሆነም አላውቅ፤ በዚህ ላፕቶፕ ካርታና የፈተና ጥያቄ ነው የምሠራው።»

ብሌን ላፕቶፗን ወደ ትከሻዋ ከፍ አድርጋ፣ «በሉ ደኅና ዋሉ» ብላ ሄደች። ሁለት ዓመት ሙሉ «ደኅና ዋይ» ትላት ነበር እንጂ እንዲህ አንቱ ብላት አታውቅም።

ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ናዝራ አንድ አቤቱታ መሐል ላይ ሳለች ሳጥኗ ብቅ አለች። ከ192.168.1.5 የመጣ ጥቃት ታግዷል። ብሌን አዲሱ ከተማ ናት። ላፕቶፗም አብሯት ነው፤ በዓይኗ አይታዋለች። የቤቱ ዋይፋይ ደግሞ ከግንቡ ማዶ ቀርቶ ከሦስተኛው ቤትም አያልፍም። ታዲያ አሁን አምስት ቁጥር ማን ነው?

ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ጥያቄው የማወቅ ጉጉት ብቻ መሆኑ ቀረ። ከእሷ አፍ በወጣ ቃል አንዲት ልጅ በአራት ቀን ውስጥ ቤት ልታጣ ነው። ዐብዱልቃዲር ደግሞ «መሰለኝ» የሚል ነገር አይሰማም፤ አምስት ቁጥር ማን እንደሆነ በስሙ ጠርታ ካላመጣች ነገሩ አይመለስም።

ወደ ሞደሙ ሄደች። ገልብጣ አየችው፤ የቀድሞ ልማዷ ነው። ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ታትሟል፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ማንም አልነካውም። ወደ ኮምፒውተሯ ተመልሳ የሞደሙን ቁጥር ድረ ገጽ በሚጻፍበት ቦታ ጻፈች፤ ከወረቀቱ ላይ ያነበበችውን ስምና ቃል ስትሰጠው የሞደሙ የውስጥ ገጽ ተከፈተላት። በዚያ ገጽ ላይ በሰዓቱ የተገናኙት ሁሉ በዝርዝር ይታያሉ። ናዝራ አምስት ወይም ስድስት ጠብቃ ነበር። ቆጠረቻቸው፤ ዐሥራ አራት ናቸው።

ደብተሯን ይዛ ወደ ትልቁ ቤት ገባች። አዴ ዐይሻ በቀይ አፈር በተለቀለቀው ነደባ ላይ፣ ከሁሉም ከፍ ባለው መደብ፣ ትራሳቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«እማ፣ የዋይፋዩን ፓስዎርድ ለማን ሰጥተሻል?»

«ለማንም።»

«ለማንም?»

«ለሰው ነው የሰጠሁት። ለአዴ ዘሃራ ልጆች። ለወፍጮ ቤቱ ምራት። ለአሚን ሚስት፤ እሷ እንኳ አልጠየቀችም፣ ውጭ ግንቡ ሥር ቆማ ስልኳን ወደ ላይ ስታነሣ አሳዘነችኝ። የአፎቻ ቀን ደግሞ ሴቶቹ ሁሉ እዚህ ነበሩ።»

አፎቻ የሠፈሩ ሴቶች ለሠርጉም ለሐዘኑም የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። እንግዳ ከደጅ ድረስ መጥቶ ውኃ ሲጠይቅ እንደማይከለከል ሁሉ፣ አዴ ዐይሻ ፓስዎርዱንም እንደዚያው ቆጥረውት ነበር።

«ሰው ለምኖኝ እንዴት እምቢ እላለሁ?» አሉ። «ያልቃል እንዴ?»

ናዝራ ዝርዝሩን የገለበጠችበትን ደብተር ተመለከተች። ከዝርዝሩ ላይ የብሌን ስም የለም። አምስት ቁጥር ግን አለ። ከጎኑ የተጻፈው የኮምፒውተር ስም ማንንም የማይለይ ነው፤ ከፋብሪካ የወጣው ሁሉ የሚጠራበት ዓይነት። ይህን ያስተዋለች ጊዜ ነው ስሕተቷ የገባት።

ቁጥሩ የሰው ስም አይደለም። ክሊኒክ ሲሄዱ ካርድ ክፍል የምትሰጠው የተራ ቁጥር ናት። ዛሬ አምስተኛ ከደረስክ አምስት ትባላለህ፤ ነገ ሌላው ይቀድምህና ያችኑ ካርድ እሱ ይይዛታል። ሞደሙም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ለመጣለት ሁሉ ያልተያዘ ቁጥር ያድላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሰጠውን ሁሉ ይረሳና መብራቱ ሲመጣ እንደ አዲስ ይጀምራል። ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት አምስት የነበረውና እሑድ ጠዋት አምስት የሆነው አንድ ሰው ነው ብላ መናገሯ፣ «ትናንት አምስተኛ ወረፋ ላይ የነበረው ሰው ዛሬም አምስተኛ ከቆመው ጋር አንድ ነው» ከማለት አይለይም።

ደስ የሚለው፣ ከዝርዝሩ ጎን ሌላም ነገር አለ። ፊዚካል አድራሻ ይባላል፤ ዐሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት። ይህኛው ከፋብሪካ ተቀርጾበት የሚወጣ ነው፤ መብራት ቢጠፋም ወረፋ ቢቀየርም አብሮት ይኖራል። በሐረር መንገድ ላይ ያሉት አሮጌ ፔጆዎች ሰሌዳቸውና ቀለማቸው ስንቴ ተቀይሯል፤ ሻንሲያቸው ላይ የተመታው ቁጥር ግን ያው ነው። ናዝራ የአምስት ቁጥርን ፊዚካል አድራሻ በትልቁ ጻፈች፤ መጨረሻው 4E-7B። የብሌንን እሑድ ዕለት ባትጽፈውም ከሞደሙ የቆየ መዝገብ አገኘችው፤ መጨረሻው C2-19። ሁለቱ በምንም አይገናኙም።

ያን ማታ ለዐብዱልቃዲር ነገረችው። በትዕግሥት አዳመጣት።

«እና ማን ነው ታዲያ?» አለ።

«ገና ነኝ።»

«ስታገኚ ንገሪኝ። አሁን ግን የማውቀው ስም አንድ ብቻ ነው።»

ማክሰኞና ረቡዕ ናዝራ ከሥራዋ ጎን ለጎን ያንኑ ስትከታተል ዋለች። ፋየርዎሉ የሚያሳየው ሳጥኗን ብቻ እንዳልሆነም አወቀች፤ ከጀርባ መዝገብ ይይዛል፤ እያንዳንዱን ሙከራ ከነሰዓቱ፣ ከነደቂቃው። መዝገቡን ስታገኝ የተሰማት ደስታ የሌላ ሰው ማስታወሻ ደብተር እንዳገኘ ሰው ነበር። መዝገቡ ሊገባበት የሚሞክረውን በርም ይጽፋል። አንድ ኮምፒውተር ብዙ በሮች አሉት፤ ፖርት ይሏቸዋል፤ እያንዳንዱም ቁጥርና የራሱ ሥራ አለው። ይህኛው የሚያንኳኳው ሁልጊዜ 445ን ነበር። ናዝራ ፈልጋ እንዳገኘችው፣ 445 በአንድ ቤት ያሉ ኮምፒውተሮች ፋይልና ፕሪንተር የሚዋዋሱበት በር ነው፤ የጎረቤት በር በሉት። ሰው ሆኖ ቀኑን ሙሉ በየሁለት ደቂቃው አንዱን በር የሚያንኳኳ ማን አለ? ሰው አይደለም አለች ለራሷ። አንድ ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ቫይረስ ነው። ባለቤቱም ላያውቅ ይችላል።

ሰዓቶቹን በደብተሩ ላይ በመስመር ደረደረቻቸው። ሁለት ደቂቃ፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት። ከዚያ ክፍት ቦታ። ሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት እስከ ሰባት ሰዓት ጸጥ ብሏል። ማክሰኞም በዚያው ሰዓት። ከዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አምስት ጀምሮ ደግሞ ሌላ ጸጥታ፤ ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ረቡዕም። ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ እስከ ጠዋት ምንም የለም።

ናዝራ እነዚያን ሰዓቶች ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋት። ዙሁር፣ ዐስር፣ መግሪብ፤ የሶላት ሰዓቶች ናቸው። ይህ ኮምፒውተር አዛን ሲሰማ የሚያቆም ኮምፒውተር ነው። ቫይረስ አይሰግድም፤ የሚሰግደው ማሽኑን የሚያጠፋው ሰው ነው። ብሌን እንዳልሆነችማ አሁን በእርግጥ ታወቀ፤ ግን በዙሪያው ካሉት ቤቶች የማይሰግድ ማን አለ? ከጥርጣሬዋ አንድ ቤት ቀነሰች፤ ቀሪውን ሠፈር ሁሉ አስገባች።

ሐሙስ ቀን ከስድስት ሰዓት በኋላ በሯን ከፍታ ተቀመጠች፤ መዝገቡ ፊት ለፊቷ ተከፍቷል። ከትልቁ ቤት የሠርግ ዘፈን ይሰማል፤ ሴቶቹ ከበሮ እየመቱ ለሙሽራዋ የሚዘፍኑት። የአክስቷ ልጅ የሐናን ሠርግ ቪዲዮ ነው፤ እናቷ ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ በየቀኑ ሳያዩት አይውሉም። ስድስት ሰዓት ከሃያ ሦስት ሳጥኗ ብቅ አለች። ስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት እንደገና። አዛን ተሰማ። ዘፈኑ ቀጥ አለ።

ናዝራ ጠበቀች። ሃያ ሰባት አለፈ። ሃያ ዘጠኝ አለፈ። ሳጥኗ አልመጣችም። ያኔ ነው አንድ ነገር ያስታወሰችው፤ እናቷ የሠርጉን ቪዲዮ የሚያዩት በቴሌቪዥን አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት ናዝራ አዲስ ኮምፒውተር ስትገዛ አሮጌውን ለእናቷ ሰጥታቸዋለች፤ ቴሌቪዥኑን እንደ ስክሪን አድርጋ ያገናኘችው ራሷ ናት። ከሞደሙ ጋር በገመድ ያያዘችውም ራሷ፤ አንቲቫይረስ አወርድበታለሁ ብላ። አንቲቫይረሱን ግን አላወረደችም። ገመዱ እንደተሰካ ቀረ፤ ማሽኑም በቤቱ ሰው ሁሉ ዘንድ «የእማ ቴሌቪዥን» ሆነ። ናዝራ እሑድ ቤት ለቤት ስትዞር እናቷ ተኝተው ስለነበር እዚያ አልገባችም።

አዴ ዐይሻ ሰግደው እስኪጨርሱ ጠብቃ ገባች።

«እማ፣ አብሪው።»

አበሩት። ናዝራ ክፍሏ ተመልሳ አየች፤ በሁለተኛው ደቂቃ ሳጥኗ መጣች። ተመልሳ፣ «አጥፊው» አለቻቸው። ዐሥር ደቂቃ ጸጥታ። «አብሪው።» መጣች። «አጥፊው።»

«ልጄ፣ እየፈተንሽ ያለሽው ኮምፒውተሩን ነው እኔን?»

«አንዴ ብቻ እማ። ሁለት ጊዜ እንዲያው የተገጣጠመ ሊሆን ይችላል፤ በሦስተኛው ነው ልብ የሚሞላው።»

በሦስተኛውም ያው ሆነ። በመጨረሻ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍታ የማሽኑን ፊዚካል አድራሻ አወጣች፤ ዐሥራ ሁለቱን ፊደልና ቁጥር በጣቷ እየተከተለች ከደብተሯ ጋር አመሳከረች። 4E-7B።

ቫይረሱ ከየት እንደገባ ለማወቅ ሩቅ አልሄደችም። የሠርጉ ቪዲዮ የመጣው በፍላሽ ነው። በሐረሪ ሠርግ ሴቶች ብቻቸውን የሚሆኑበት ቀን አለ፤ ፀጉራቸውን ገልጠው፣ እንዳሻቸው ዘፍነውና ጨፍረው የሚውሉበት። የዚያን ቀን ቪዲዮ የምትቀርጸውም ሴት ናት። ቀረጻውን ወንድ እንዲያየው አይፈለግም፤ ስለዚህ ፍላሹ ከሴት እጅ ወደ ሴት እጅ፣ ከአንድ የአፎቻ ቤት ወደሚቀጥለው ይሄዳል። የሠፈሩ ሰው ሌላውን ፍላሹን ሸዋ በር ያለው የኮምፒውተር ቤት ሲወስድ እግረ መንገዱን ከቫይረስ ይጸዳለታል። ይህኛው ግን ወንዶች የሚሠሩበት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ክብር ለመጠበቅ ሲባል በጥንቃቄ የተያዘው ፍላሽ፣ በዚያው ጥንቃቄ የተነሣ ማንም ሳይመረምረው በየቤቱ ገብቷል። ናዝራ የራሷ ጠባቂ እንዲመረምረው ስታደርግ፣ ከቪዲዮው ጎን የተደበቀ ትንሽ ፋይል አገኘች። ፍላሹ በተሰካ ቁጥር ፋይሉ ራሱን ወደ ማሽኑ ይገለብጣል፤ ከዚያ በኔትወርኩ ላይ ያለውን ቁጥር ሁሉ በተራ እያዳረሰ የ445ን በር ያንኳኳል።

ሐሙስ ማታ ለዐብዱልቃዲር በትልቁ ቤት ሁሉን ዘርዝራ አሳየችው፤ ሰዓቶቹን፣ ክፍተቶቹን፣ የፊዚካል አድራሻውን። እሱ ደብተሩን ገጽ በገጽ አገላበጠ።

«ስለዚህ ጥቃቱ ከእማ ነው» አለ።

«እኔ ማንን አጠቃሁ?» አሉ አዴ ዐይሻ።

«ከኔ ነው» አለች ናዝራ። «ማሽኑን የሰጠሁ እኔ፣ ገመዱን የሰካሁ እኔ፣ አምስት ቁጥር ብሌን ናት ብዬ የተናገርኩም እኔ። ብሌን ዘንድ ሂድልኝ ብዬ አልልክህም፤ ካንተ ጋር ነው የምሄደው።»

ዐብዱልቃዲር ጫማውን አጠለቀ። የብሌን በር ገርበብ ብሏል፤ መጻሕፍቷ በካርቶን ታስረው መሬት ላይ ተደርድረዋል።

«ቲቸር፣ ተሳስቻለሁ» አለ ገና ከደጃፉ። «ሳልጠይቅ ነው የተናገርኩት። ቤቱ ቤትሽ ነው፤ አውፍ በይኝ።»

ብሌን ናዝራን አየቻት። «አንቺስ?»

«እኔ ከሱ ይብሳል። እሱ የሰማውን ነው ያመነ፤ እኔ ያላወቅሁትን ተናገርኩ።»

«የከፋኝ ቁጥሩ አይደለም» አለች ብሌን። «ሳጥኗን ለምን እንዳላሳየሽኝ ነው። ሁለት ዓመት አብሬሽ ኖሬ።»

«አሁን ላሳይሽ?»

ብሌን አዲሱ ከተማ ላይ ቤት አግኝታ ለአከራይዋ ለወይዘሮ ዘነበች ቃል ሰጥታ ነበር። «ለዛሬ አሳዪኝ» አለች። «ስለ ቤቱ ነገ ይታሰባል።»

በነጋታው ጁምዓ ካርቶኖቹ እንደታሰሩ ነበሩ። ቅዳሜ ከሰዓት አንዱ ተፈታ። ሁሉም እስኪፈቱ ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ ለወይዘሮ ዘነበችም ብሌን ራሷ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች።

የእማ ማሽን ከቫይረሱ ከጸዳ በኋላ የሞደሙ ነገር መጣ። ናዝራ ከሥሩ የተለጠፈውን የፋብሪካ ይለፍ ቃል ቀየረችው፤ ማንም ገልብጦ ቢያነበው ከእንግዲህ አይከፍትለትም። ሞደሙ ሁለተኛ ዋይፋይ ማውጣት እንደሚችልም አገኘች፤ የእንግዳ የሚባል። ይህን ለእናቷ ስታስረዳ አልተቸገረችም። በትልቁ ቤት ነደባዎቹ ደረጃ ደረጃ ናቸው፤ ሽማግሌው የሚቀመጥበት ሌላ፣ ከደጅ የመጣ እንግዳ የሚቀመጥበት ሌላ፤ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ነው፣ ማንም አይባረርም፣ ግን እንግዳ ተነሥቶ ወደ ላይኛው አይወጣም። የእንግዳው ዋይፋይም እንዲሁ ነው፤ ኢንተርኔቱን ያገኛሉ፣ የናዝራን ኮምፒውተር ግን አያዩትም።

«ስለዚህ ለለመነኝ መስጠት እችላለሁ?» አሉ አዴ ዐይሻ።

«የእንግዳውን፣ እንደፈለግሽ።»

አሁን ሚያዝያ ነው። የናዝራ መዝገብ በግቢው ውስጥ ጸጥ ብሏል፤ የሠፈሩ ግን ገና ነው። የሐናን ሠርግ ፍላሽ የደረሰባቸው የአፎቻ ቤቶች ዐሥራ አንድ ናቸው፤ ናዝራና ብሌን ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት አንድ አንዱን እያዳረሱ ነው። ስምንቱን አጽድተዋል። ሁለቱ እንደገና ተይዘዋል፤ ምክንያቱም አንዱ ቤት ሲጸዳ ከሌላው ቤት የተገለበጠ ፍላሽ ይመጣል። ስለዚህ ናዝራ አሠራሯን ቀየረች። ማሽን ማጽዳቱን ትታ የፍላሹን መንገድ ወደ ኋላ መከተል ጀመረች፤ ማን ከማን እንደተቀበለ እየጠየቀች፣ ቀኑን እየጻፈች። ሁሉም መስመር የሚሄደው ወደ አዴ ዘሃራ ቤት ነው፤ የመጀመሪያው ቅጂ እሳቸው ዘንድ አለ።

አዴ ዘሃራ ሁለት ጊዜ አሻፈረኝ ብለዋል። «ከልጅነቴ ጀምሮ ወንድ ያላየው ፀጉሬ እዚያ ውስጥ ነው» ነው የሚሉት። ናዝራ ቪዲዮው መከፈት እንደማያስፈልገው፣ ጠባቂው የሚያየው ፋይሉን እንጂ ሰውን እንዳልሆነ ብታስረዳቸውም አላመኗትም። በመጨረሻ ብሌን፣ «እሺ፣ እርስዎ ራስዎ ይያዙት፤ እኛ ቁጭ ብለን እንነግርዎታለን» አለቻቸው።

በዚህ ማክሰኞ ሦስቱ በአንድ ነደባ ላይ የብሌንን ላፕቶፕ ከበው ተቀምጠዋል። አዴ ዘሃራ ፍላሹን በራሳቸው እጅ ሰክተዋል፤ ጣታቸው ከሱ አልተነሣም። ናዝራ አንዷን ቁልፍ እንዲጫኑ አሳየቻቸው። አረንጓዴዋ መስመር ቀስ እያለች ትሄዳለች።

«ምን እያደረገ ነው?» አሉ።

«እያንዳንዱን ፋይል እያነሣ ያገላብጣል» አለች ናዝራ። «ስልሳ ሦስት ከመቶ ደርሷል። አይንቀሉት፤ እጅዎን ግን ማንሣት ይችላሉ።»

አዴ ዘሃራ መስመሯን እያዩ ናቸው። እጃቸውን አላነሡም።